ኦሪጅናሉ ዲስክ ከፍላሹ ኮፒ አንሶ ታየኝ

ርዕሱ የኔ አይደለም። ሰሞኑን የፊልም ወዳጆች በሚሰባሰቡበት አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተ ክር፣ ማለትም አንዱ ጠይቆ ሌሎች ከሥሩ ተራ በተራ የሚመልሱበት ገጽ፣ ርዕስ ነው። ቅዳሜ ማታ ተከፈተ፣ ማክሰኞ 43ኛው መልስ ላይ ቆመ። እኔም ገብቼ ስለጻፍኩበት ገለልተኛ ነኝ አልልም። ያላየው ሰው ስለሚበዛ ግን እንደወረደ ልንገራችሁ።

ከፋቹ አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖር ሰው ነው። እህቱ ከአሜሪካ ስትመጣ የብሉሬይ፣ ማለትም ከዲቪዲ የበለጠ የሚይዘው የፊልም ዲስክ፣ ማጫወቻና ጥቂት ዲስኮች ይዛለት መጣች። ማጫወቻው የ110 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዛ። ከዲስኮቹ አንዱ የአርኖልድ ፕሬዳተር ነው። ይህን ፊልም ልጅ ሆኖ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጣቦ አይቶታል። አሁንም በፍላሽ አስጭኖ ቤቱ አስቀምጦታል። ሁለቱን በ43 ኢንች ቴሌቪዥኑ አከታትሎ አየ። ፍላሹ ላይ ያለው ጥርት ያለ ነው። የአርኖልድ ፊት ለስላሳ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ንጹህ። ዲስኩ ላይ ግን ምስሉ በሙሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። አሸዋው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይርመሰመሳል። ሰውየው ሁለት ነገር ጠረጠረ። ወይ እህቱን ሸውደዋታል፣ ወይ ብሉሬይ የሚባለው ነገር ወሬ ነው። አጨራረሱ ግን የትህትና ነበር። የምስል ጥራት በምን እንደሚዳኝ የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳው ጠየቀ።

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ለእህቱም ለሱም እንኳን ደስ ያላችሁ ካለ በኋላ ስለ ገመዱ ጠየቀ። ያገናኘው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ገመድ ከሆነ የኤችዲ ምስል በዚያ አያልፍም፣ ኤችዲኤምአይ መሆን አለበት። ሁለተኛው ያንኑ በሁለት ቃል ደገመው። እንዲህ ያለ ክር ላይ ገመድ ቀይር የሚል ሰው አይጠፋም፣ አንዳንዴም ልክ ነው። እዚህ ግን ሰውየው ከመጀመሪያውም ኤችዲኤምአይ ነበር የሰካው።

3ኛው ላይ ነገሩ ጣዕም ያዘ። መላሹ ስታዲየም አካባቢ ፊልም በፍላሽ የሚጭን ልጅ ነው። አጻጻፉ ስድብ እየጠበቀ እንደሚጽፍ ሰው ነው፣ ቀልድ ያበዛል። ክርክሩ ቀላል ነው። ዲስኩም 1080 ነው፣ የሱም ፋይል 1080 ነው፣ ስለዚህ እኩል ናቸው። የሱ የሚለየው የጸዳ በመሆኑ ብቻ ነው። አሸዋ ያለበት ፊልም የወሰደ ደንበኛ በማግስቱ ፍላሹን ይዞ እየተሳደበ እንደሚመለስም ነገረን።

4ኛው ይህን ሲያነብ ጦፈ። 1080 የሚነግረን ስለ ስልቻው እንጂ ስልቻው ውስጥ ስላለው ጤፍ አለመሆኑን ጻፈ። ስልቻው 1920 በ1080 ነጥብ ነው፣ በአንድ ፍሬም፣ ማለትም በአንድ ነጠላ ምስል፣ 2,073,600 ነጥብ ይይዛል። ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን አሠራር የወጣ ዲቪዲ የሚይዘው 414,720 ስለሆነ ልክ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ጥያቄው በዚያ ሁሉ ነጥብ ውስጥ ምን ያህል መረጃ ገባ የሚለው ነው። ሒሳቡንም ሠራው። ፊልሙ 107 ደቂቃ ነው። የፍላሹ ፋይል ከፋቹ እንዳለው 1.8 ጊጋ ነው። ሲካፈል ድምፁንም ጨምሮ በሴኮንድ 2.2 ሜጋቢት (የመረጃ መለኪያ ነው) ገደማ ይመጣል። ብሉሬይ ለምስሉ ብቻ እስከ 40 ሜጋቢት ድረስ መሄድ ይችላል። ያረጀው ዲቪዲ እንኳ እስከ 9.8 ይደርሳል። የፍላሹ ፋይል የተጨመቀበት ዘዴ ከዲቪዲው የተሻለ መሆኑን አልካደም። ቢሆንም ጭስ፣ ውሃና ሩጫ በበዛበት ቦታ 2 ሜጋቢት አይበቃም፣ ምስሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይፈርሳል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ልጁ የሚሸጠው ፊልም ሳይሆን የፊልም አጥሚት መሆኑን ጨመረበት። አያስፈልግም ነበር።

ልጁ 5ኛ ሆኖ ተመለሰ፣ አልተቆጣም። እውነቱን ለመናገር ይህ መልስ ከሒሳቡ በላይ አስተማረኝ። ብዙ ደንበኞቹ ቤት ያለው ቴሌቪዥን ፋት 32 በሚባለው መንገድ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ብቻ ነው የሚያነበው። በፋት 32 ደግሞ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ መብለጥ አይችልም። በዚያ ላይ ደንበኛ የሚቆጥረው ፊልም ነው እንጂ ሜጋቢት አይደለም። 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ አራት ፊልም ካልገባለት ተዘረፍኩ ይላል። ስለዚህ 1.8 ጊጋ የመጣው ከስንፍና ሳይሆን ከስሌት ነው። 8 ጊጋ ለአራት ፊልም ሲካፈል ነው።

6ኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። የዲስኩ ሣጥን ጀርባ ላይ የተጻፈው ዓመት ስንት ነው? ከፋቹ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ 7ኛ ሆኖ መለሰ። 2008፣ በፈረንጅ።

8ኛው መልስ የክሩ ምሰሶ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። ፕሬዳተር የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፣ የተቀረጸውም በፊልም ጥቅል ነው። ጥቅሉ ላይ ምስል የሚፈጠረው ብርሃን ሲነካቸው በሚለወጡ የብር ውህድ ቅንጣቶች ነው። ጫካ ውስጥ፣ ከቅጠል ሥር ሲቀረጽ ብርሃን ያንሳል። ብርሃን ሲያንስ በጥቂት ብርሃን የሚሠራ ጥቅል ይፈለጋል። የዚህ ዓይነቱ ጥቅል ቅንጣት ደግሞ ተለቅ ተለቅ ያለ ነው። በሴኮንድ 24 ፍሬም ያልፋል፣ በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ቅንጣቶቹ የሰፈሩበት ቦታ ይለያያል። አሸዋው የሚርመሰመሰው ለዚህ ነው። ግሬን የሚሉት ይህን ነው። ምስሉ ላይ የተነሰነሰ አቧራ ሳይሆን ምስሉ የተሠራበት ነገር ነው።

ቀጥሎ የዲስኮቹን ታሪክ አመጣ። በ2008 የወጣው ብሉሬይ አንድ ንብርብር ያለው፣ 25 ጊጋ የሚይዝ ዲስክ ነው። ምስሉ የተጨመቀውም ዲቪዲ በሚጨመቅበት በአሮጌው ኤምፔግ 2 ነበር። እንከን አለው፣ ግን ግሬኑን አልነካም። በ2010 የፊልሙ ባለቤት ድርጅት ፊልሙን እንደገና አወጣው። በዚህኛው ኖይዝ ሪዳክሽን የሚባለው ማጽጃ በኃይል ተለቀቀበት። ማጽጃው የቆዳን ቀዳዳ ከግሬን ለይቶ አያውቅም፣ ሁለቱም ትንንሽ ናቸውና አብሮ ይጠርጋቸዋል። ላብ፣ ያልተላጨ ጺም፣ የቅጠል ጅማት ሁሉ ተጠረገ። ወታደሮቹ ከሻማ የተሠሩ መሰሉ። የውጭ ተመልካቾች ያን ጊዜ መሳቂያ አደረጉት። በ2018 በ4ኬ፣ ማለትም የ1080ን አራት እጥፍ ነጥብ በሚይዘው፣ ሲወጣ ግሬኑ ተመልሶ መጣ። መላሹ የፍላሹ ኮፒ ከ2010ሩ ዲስክ የተወሰደ እንደሚመስለው ጽፎ ጨረሰ። ከፋቹ ያወዳደረው ታዲያ ኦሪጅናልና ኮፒ ብቻ አይደለም። ያልታጠበና የታጠበ ፊልም ነው።

9ኛው ቀልደኛ ነው። ቅኔ ሲፈታ ሰሙ ተገፍፎ ወርቁ ይወጣል፣ እነዚህ ግን ወርቁን አጥበው ደፍተው ሰሙን ሸጡልን የሚል ነገር ጣል አድርጎ ጠፋ። በክሩ ውስጥ ብዙ ሰው የወደደው መልስ ይኸው ነው።

10ኛዋ ግን አልሳቀችም። ማታ ከሥራ ደክማ እንደምትገባ፣ ንጹህ ምስል ማየት እንደምትፈልግ፣ በዚህም ማንንም ይቅርታ እንደማትጠይቅ ጻፈች። አንድ ጥሩ ጥያቄም አነሳች። ግሬን እንዲህ የተቀደሰ ከሆነ ዛሬ በዲጂታል ካሜራ የሚቀረጹት ፊልሞች ግሬን የላቸውም፣ ለምን ማንም አያለቅስላቸውም? 11ኛው በሥርዓት መለሰላት። ዲጂታል ካሜራ ላይ ልስላሴው የተቀረጸው ነው፣ ከኋላ የተጨመረ አይደለም። መለኪያው የግሬን ብዛት ሳይሆን መጀመሪያ የተቀረጸው ነገር ዲስኩ ላይ መኖር አለመኖሩ ነው። ክሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። 12ኛው ግን የቃና ድራማ ተመልካች ስለ ፊልም ምን አገባት የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጻፈ። 13ኛዋ እሷው ናት፣ በሁለት መስመር አጠበችው። 14ኛው የለም፣ አድሚኑ አንስቶታል። ምን እንደነበር ከ15ኛው ይታወቃል፣ 15ኛው ስለ ሰው እናት ከመናገራችን በፊት እንድናስብ ይለምናል።

ከዚያ በኋላ 16ኛው መጣ። ፒያሳ ካሉት ሲኒማ ቤቶች በአንዱ ብዙ ዘመን ኦፕሬተር ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ከመድረኩ ሰዎች የጠበቀውን አላገኘም መሰለኝ፣ በሁለቱም ወገን ገባባቸው። ንጹህ ነው የምትሉት ሰም ነው። ያልተነካ ነው የምትሉትም ሲኒማ ቤት ያየነው አይደለም። በካሜራው ውስጥ ካለፈው ኔጋቲቭ አንድ ቅጂ ይወጣል፣ ከቅጂው ሌላ ኔጋቲቭ፣ ከሱ ደግሞ ለሲኒማ ቤቶች የሚላከው ኮፒ። በእያንዳንዱ እርከን ጥቂት ይደበዝዛል። እዚህ የሚደርሰው ኮፒ ደግሞ ብዙ አገር የዞረ፣ ተቆርጦ የተቀጠለ፣ ከላይ እስከ ታች ጭረት የበዛበት ነው። ጭረቱን ዝናብ ይሉት ነበር። ዛሬ ኔጋቲቩ በቀጥታ ስካን ሲደረግ ያን ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ማንም ያላየው ግሬን፣ ማንም ያላየው የዊግ ጠርዝ ይታያል። ካርቦን እያነደዱ ብርሃን የሚያወጡበትን ዘመንም አነሳ። ካርቦኑ እየነደደ ሲያጥር በእጅ እየተጠጋ ካልተስተካከለ ስክሪኑ ቀለሙ ይለወጣል። አዳራሹ በፉጨት ይናጣል። ትክክለኛው ቀለም የቱ እንደነበር እሱ ራሱ እንደማይምል ጻፈ።

17ኛው ሰውየውን አንተ ልጅ እያለ ቪኤችኤስ አይተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ አፋጠጠ። 18ኛው ራሱ 17ኛው ነው። የሰውየውን ፕሮፋይል ከፍቶ አይቷል መሰለኝ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም ሆነ። ከዚያ ሁሉም ሰው ወደ እርስዎ ገባ። የክሩ ቁጣም ለጥቂት ጊዜ በረደ።

መብረድ ብቻ ሳይሆን ተንሸራተተ። ቪዲዮ ቤት፣ ካሴት ማጠንጠኛ፣ አንቴና የሚያስተካክል ታናሽ ወንድም። አንዱ ስለ ቪሲዲ፣ ከዲቪዲ በፊት ስለነበረው የፊልም ሲዲ፣ አስታወሰ። 352 በ288 ነጥብ፣ በሴኮንድ ከ1.2 ሜጋቢት በታች፣ ፊልሙ በሁለት ሲዲ። ይህ ሰው ልጅ ሆኖ የተከራየው ፊልም ሁለተኛው ሲዲ ሣጥኑ ውስጥ ሳይኖር ይቀራል። አከራዩ ነገ ሲለው፣ ነገ ሲለው፣ ፊልሙን እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ በግማሹ ነው የሚያውቀው። ገዳዩ ማን እንደነበር ዶርም ውስጥ ነው ያወቀው።

23ኛው እኔ ነኝ። ከተሸማቀቅኩበት ነገር ጀመርኩ። አዲስ ቴሌቪዥን ስገዛ ሦስት ወር ያህል የማየው ፊልም ሁሉ የቱርክ ድራማ ይመስለኝ ነበር። እንቅስቃሴው ቅባት እንደተቀባ ይንሸራተታል። ፊልሙን፣ ዲስኩን፣ አንዴም ዓይኔን ጠረጠርኩ። ለካ ቴሌቪዥኑ ሞሽን በሚል ስም በ24ቱ ፍሬሞች መሃል የራሱን ፍሬም እየፈጠረ ሲሰካ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አጠፋሁት፣ ፊልሙ ፊልም ሆነ። ስለዚህ ከፋቹ ዲስክ ከመዳኘቱ በፊት ቴሌቪዥኑን እንዲዳኝ መከርኩት። ሱቅ ውስጥ ቪቪድ ላይ አድርገው ያሳያሉ፣ በዚያ ሁሉ መብራት መሃል ዓይን እንዲስብ ነው። ቤት ሲገባ ሲኒማ ወይም ሙቪ የሚለው ላይ መሆን አለበት። ሻርፕነስ ከፍ ሲል ጥራት የሚጨምር ይመስላል፣ የሚጨምረው ግን በጥቁር ነገር ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ነው። የመብራት ገመድ ሰማይ ላይ ሲያልፍ እዩት፣ ነጭ ጥላ ይዞ ይሄዳል። ሻርፕነሱን ዜሮ አድርጉት ብዬ ጨረስኩ። 24ኛው አመሰገነኝ። 25ኛው አረመኝ። ዜሮ በሁሉም ቴሌቪዥን ላይ ገለልተኛ አይደለም፣ በአንዳንዶቹ መሃሉ ነው ገለልተኛው፣ ዜሮ ላይ ጭራሽ ያደበዝዛል። ልክ ነው። ተቀበልኩ።

26ኛው ከየት ሆነህ ነው የምታየው ብሎ ጠየቀ። ማንም ያላሰበው ነገር ይህ ነበር። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያይበት ወሰን አለው። ለ43 ኢንች ስክሪን የ1080 ነጥቦች ተለይተው የሚታዩት እስከ 1.7 ሜትር ገደማ ነው። ለ55 ኢንች 2.2 ሜትር ያህል ይሆናል። 4ኬ ከሆነ ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አንድ ግድግዳ ላይ፣ ሶፋው ተቃራኒው ግድግዳ ላይ ነው። ከአራት ሜትር ላይ ሆኖ በ43 ኢንች 1080ን ከ720 እለያለሁ የሚል ሰው ዓይኑ ሳይሆን ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ነው የሚያይለት። 27ኛው ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ስለሚኖር አልጋው ላይ ተኝቶም 1.7 ሜትር ውስጥ እንዳለ አስታወቀ። ድህነት ለአንድ ነገር በጀን የሚል ነው ሐሳቡ።

28ኛው ከዱባይ ማጫወቻ አስመጥቶ ከአሜሪካ የተላከለት ዲስክ አልሠራ ብሎት ሲያማርር መጣ። አጭር መልስ አገኘ። ብሉሬይ ዓለምን ኤ፣ ቢ እና ሲ አድርጎ ከፍሏል። አሜሪካ ኤ ነው፣ እኛና ዱባይ ቢ ነን። የ4ኬ ዲስኮች ይህ ገደብ የለባቸውም። ሰውየው ወዲያው ስለ መብራት መቆራረጥና ስለ ስቴብላይዘር ማውራት ጀመረ፣ ሦስት ሰዎችም ተከተሉት። ይህን ልዝለለው።

32ኛዋ የመለሰችው መልስ ግን አሁንም ከጭንቅላቴ አልወጣም። ካዛንቺስ ቢሮ ተከራይታ ሠርግም ፊልምም ኤዲት የምታደርግ ልጅ ናት። ስለ ሜጋቢት አላወራችም። ነጠላ ፈልጉ አለችን። አንድ ጊዜ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የቆሙ እናት ቀርጸው ሰጧት። ነጠላው በእጅ የተፈተለ ነው። የእጅ ፈትል አንድ ወጥ አይደለም፣ አንዱ ክር ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ይላል። በጥሩው ምስል ላይ ያ ወፍራምና ቀጭን ይቆጠራል። የጠዋቱ ብርሃን ከኋላ ሲገባ በክሮቹ መሃል ያለው ክፍተት ሳይቀር ይታያል። አለቃዋ ምስሉ ይጽዳ አላት። ማጽጃውን ከፍ ስታደርገው ጥበቡ ቀለሙን ይዞ ቀረ፣ ነጠላው ግን ፌስታል ሆነ። የሴትዮዋ የዓይን ጠርዝ ሽብሽብም አብሮ ሄደ፣ በሃያ ዓመት ታናሽ ሆኑ። ቀጥላ ያልጸዳውን ጨምቃ ትንሽ ፋይል አደረገችው። ሴትዮዋ ቆመው ሳሉ ክሩ አለ። መራመድ ሲጀምሩ ነጠላው ጉራጅ ጉራጅ ይሆናል። ሲቆሙ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ቆይቶ ክሩ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ምስል ፖዝ አድርጎ ብቻ መፍረድ እንደማይቻል ነገረችን። ቆሞም ሲሄድም መታየት አለበት። መጨረሻ ላይ የኃይሌ ገሪማን ምርት ሶስት ሺህ ዓመት አነሳች። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ፊልም ነው። 16 ሚሊ ፍሬሙ ትንሽ ስለሆነ ስክሪን ሲሞላ ግሬኑም አብሮ ይገዝፋል። ያንን ፊልም ቢያጥቡት የገበሬው ፊት ላይ ምን ይቀራል የሚለውን ለእኛ ተወችው።

33ኛው ከውጭ ምሳሌ ጨመረ፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ግላዲያተር በ2009 በብሉሬይ ሲወጣ ማጽጃው መክፈቻው ጦርነት ላይ አየር ላይ ያሉ ቀስቶችን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ አጠፋቸው። በ2010 እንደገና አስተካክለው አወጡት። 34ኛው ተቃራኒውን አመጣ። በ2002 የወጣው 28 ዴይስ ሌተር የሚባለው ፊልም አብዛኛው በሚኒ ዲቪ የቪዲዮ ካሴት፣ በካኖን ኤክስኤል1 ካሜራ ነው የተቀረጸው። የቱንም ያህል ውድ ዲስክ ቢገዛ ደብዛዛ ነው፣ ደብዛዛነቱም የፊልሙ ነው። ስለዚህ ደብዘዝ ማለቱን ብቻ አይቶ ዲስኩን መጥፎ የሚል ሰው ይሳሳታል። 35ኛው ወደ ቀለም ወሰደን። የ1971ዱ ፍሬንች ኮኔክሽን በ2009 በብሉሬይ ሲወጣ ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪን በፈለገው አዲስ ቀለም ወጣ። ፊልሙን የቀረጸው ኦወን ሮይዝማን በአደባባይ ተቃወመ። በ2012 ሌላ ቀለም ይዞ ተመለሰ። የፊልሙ ባለቤቶች ራሳቸው ካልተስማሙ እኛ ፍላሽ ይዘን ምን እንፈርዳለን የሚል ነው ጥያቄው። ጋሼ ኦፕሬተሩ እዚህ ላይ አንዲት የፈገግታ ምልክት ብቻ አስቀመጡ፣ 36ኛ ሆና ተቆጠረች።

37ኛው ፊልም ሠሪ ነው፣ ፊልም ሠሪነቱንም አስቀድሞ ነገረን። ስለ ክር፣ ስለ አሸዋ ስንፈላሰፍ ማንም ሰው ስለ ስርቆት አለማንሳቱ እንዳሳፈረው ጻፈ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው፣ እናንተ ግን ፍላሽ ጫኙን እንደ ባለሙያ ታዳምጡታላችሁ። የአማርኛ ፊልም ገና ሲኒማ ቤት ሳለ ሱቁ ውስጥ እንደሚገኝ በምሬት ጻፈ። ኃይለኛ መልስ ነበር፣ ደግሞም እውነት አለው። ልጁ 38ኛ ሆኖ የአማርኛ ፊልም እንደማይጭን ማለ። ፊልም ሠሪው አላመነውም። እኔም ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም፣ ግን የውጭውስ ቢሆን የሰው አይደለም ወይ የሚለውን ማንም አልጠየቀውም።

39ኛው ላይ ከፋቹ ተመለሰ። ሰኞ ማታ ሁሉንም ሞክሮት ነበር። ቴሌቪዥኑን ሲኒማ ላይ አደረገ፣ ሞሽኑን አጠፋ፣ ወንበር ስቦ 1.7 ሜትር ላይ ተቀመጠ። የመረጠው አርኖልድ ጭቃ ተለቅልቆ የሚደበቅበትን ቦታ ነው። ፍላሹ ላይ ጭቃው የቀለጠ ቸኮሌት ይመስላል። ዲስኩ ላይ ጭቃው ደርቆ የተሰነጠቀበት ሁሉ ይታያል፣ አገጩ ላይ የተጣበቀች የቅጠል ቁራጭም አገኘ። ይህን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየው ቆጥሮ አይጨርስም፣ ያቺን ቅጠል ግን አይቷት አያውቅም። እህቱንም ደውሎ ይቅርታ ጠይቋል። በሐቀኝነት አንድ ነገር ጨመረ። ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ቀን፣ መጋረጃ ተከፍቶ ከሆነ የሚያየው አሁንም ፍላሹ ይሻለዋል። 10ኛዋ ሴት ይህን ወደደችው፣ 40ኛ ሆናም አንድ ቃል ጻፈች፣ ተመስገን።

41ኛው ልጁ ነው። ዲስኩን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ፊልም ሠሪው ዲስኩ ከቤት እንዳይወጣ አስጠንቅቆ፣ ከዚህ በኋላ ክሩን እንደማያነብ ጽፎ ወጣ። ከፋቹ በዚያው መልሱ ሥር ዲስኩ የትም እንደማይሄድ፣ ልጁ ግን ቡና ሊጠጣ መምጣት እንደሚችል ፈቀደ። ሄደ መሰላችሁ? ሄደ። 42ኛው መልስ የሱ ዘገባ ነው። ጭቃውን አይቷል። ቅጠሏንም አይቷል። ወደ ሱቁ ሲመለስ አሮጌ ሀርድ ዲስክ ውስጥ ማንም ጠይቆት የማያውቅ 22 ጊጋ የሚመዝን ፕሬዳተር አገኘ። ፍላሽ እንዲይዘው ለ4 ጊጋ እየቆራረጠ ስድስት ቦታ ከፋፍሎታል። አሸዋ አንድ፣ አሸዋ ሁለት እያለ እስከ ስድስት ስም አውጥቶለታል።

43ኛው ያ የቪሲዲው ሰው ነው። አሸዋ ስድስት በእርግጥ ፍላሹ ላይ መኖሩን ከመክፈሉ በፊት ማየት ይፈልጋል።